የድርቆሽ መሣሪያ በትራክተሩ ልክ ይመረጥ

በደጋና በወይና ደጋ አካባቢዎች የእንስሳት መኖ እጥረት የሚከፋው ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ነው። የእጥረቱ መጠን የሚወሰነው ግን ቀደም ብሎ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው። በዚያ ጊዜ ሣሩን ሳያረጅ አጭዶ፣ አድርቆና ከምሮ ያስገባ አርሶ አደር በበጋ ወተት አይቋረጥበትም፤ በሬውም ለእርሻ ጉልበት ይዞ ይደርሳል። ሣሩ በቆመበት የነጣበት አርሶ አደር ግን ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ የከሳ ከብቱን በርካሽ ይሸጣል፣ ወይ ድርቆሽ በውድ ይገዛል።

ይህን ችግር ለመቅረፍ የሚያግዙ መልካም ሁኔታዎች ተፈጥረዋል። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የግብርና ሜካናይዜሽንና የእንስሳት መኖ ቴክኖሎጂ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ፈቅዷል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም የወተት ልማትን አነቃቅቶ የመኖ ፍላጎትን ከፍ አድርጎታል። ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ትራክተሮችና ከ20 እስከ 35 የፈረስ ጉልበት ያላቸው አነስተኛ ባለ አራት ጎማ ትራክተሮች በማኅበራትና በወጣቶች እጅ መታየት ጀምረዋል። በዚህም ምክንያት ማጨጃ፣ መሰብሰቢያና ማሰሪያ ለመግዛት ያለው ፍላጎት ጨምሯል።

ፍላጎቱ ተገቢ ነው፤ ጥንቃቄ የሚያሻው ምርጫው ነው። ብዙውን ጊዜ ግዥ ሲታሰብ ቀድሞ የሚነሳው ማሰሪያው ማሽን ነው። ዋጋው ከሁሉም የበለጠ፣ ክብደቱ ከሁሉም የላቀ፣ ለአነስተኛ ትራክተርም ከሁሉም የሚከብደው ግን እርሱው ነው። አነስተኛ ትራክተር ያለው ማኅበር ወይም ወረዳ ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ ሊያጤን ይገባል። አንደኛ፣ መሣሪያው የሚመረጠው ትራክተሩ በዚያ ቦታ በእውነት ባለው አቅም እንጂ በሽያጭ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር አይደለም። ሁለተኛ፣ የግዥው ቅደም ተከተል ማጨጃ፣ መሰብሰቢያ፣ በመጨረሻም ማሰሪያ መሆን አለበት።

ስለ አቅም ሲነሳ ከፍታ ሊዘነጋ አይገባም። የትራክተር የፈረስ ጉልበት በፋብሪካ የሚለካው ለባሕር ወለል ቅርብ በሆነ አየር ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳበት በየ100 ሜትሩ በግምት 1 በመቶ ጉልበት ያጣል። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን አካባቢ አንድ ትራክተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል ማለት ነው። በ1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የፎገራ ሜዳ ደግሞ ጉድለቱ ወደ ስድስተኛ እጅ ይጠጋል።

በዚህ ላይ የሞተሩ ጉልበት በሙሉ ለመሣሪያው አይደርስም። ማጨጃውንና ማሰሪያውን የሚያዞረው ከትራክተሩ ኋላ የሚወጣው፣ ባለሙያዎች ፒቲኦ የሚሉት ዘንግ ነው። ኃይሉ በማርሾቹ አልፎ እስከዚህ ዘንግ ሲደርስ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል። በመሆኑም በወረቀት ላይ 25 የፈረስ ጉልበት የተባለ ትራክተር በደብረ ብርሃን ከፍታ በዘንጉ ላይ የሚሰጠው 16 ገደማ ብቻ ነው። ሻጩ «ይህ ማሰሪያ 25 የፈረስ ጉልበት ይበቃዋል» ሲል የሚናገረው ስለ ዘንጉ ከሆነ፣ ያ ትራክተር አይበቃም። ሞተሩ ይታፈናል፤ ጭስ ያበዛል፤ ፍሪሲዮኑም ወቅቱ ሳያልቅ ይቃጠላል። ስለዚህ ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «በዘንጉ ላይ ስንት የፈረስ ጉልበት ይፈልጋል?» የሚል ነው።

ጉልበት ብቻውንም አይበቃም፤ ክብደትም ይታያል። ከአነስተኛ ትራክተሮች ብዙዎቹ ክብደታቸው ከአንድ ቶን ብዙም አይርቅም። 300 ኪሎ ግራም የሚመዝን ማጨጃ ከኋላ ተሰቅሎ ወደ ጎን ሲዘረጋ ትራክተሩን ወደዚያው ጎን ይጎትተዋል፤ የፊት ጎማዎቹንም ያቀልላቸዋል። መሣሪያው ከፍ ብሎ በተነሳበት ጊዜ ከትራክተሩ ክብደት ቢያንስ 20 በመቶው በፊት ጎማዎቹ ላይ መቅረት አለበት። ይህ ካልሆነ መሪው ይቀልላል፤ ትራክተሩም ሾፌሩ ወዳዞረው አይሄድም። መፍትሔው በፊት ለፊት ማመጣጠኛ ክብደት መጫን ወይም ቀለል ያለ መሣሪያ መምረጥ ነው። በተዳፋት መሬት ደግሞ አደጋው እጥፍ ይሆናል። ከትራክተሩ የሚከብድ ተጎታች ማሰሪያ ቁልቁለት ላይ ትራክተሩን ከኋላ ይገፋዋል፤ ፍሬን መያዝም ብዙ አይረዳም።

በሌላ በኩል የአነስተኛ ትራክተር ቅለት በጥቅምት ወር ጥቅም አለው። የመረሬ መሬት በወሩ መጀመሪያ ገና እርጥበት ስለማይለቀው ከባድ ትራክተር ይሰምጣል፤ የግጦሹን መሬትም ይጠቀጥቃል። ቀላሉ ትራክተር ግን ቀድሞ ሊገባ ይችላል። ይህን ጥቅም ከባድ መሣሪያ በመስቀል ማጥፋት አይገባም።

ሦስተኛው የሚለካ ነገር መገጣጠሚያው ነው። በዚህ ነጥብ ላይ የሚፈጠር ስህተት ጥቃቅን ይመስላል፤ ነገር ግን አዲስ መሣሪያን ያለ ሥራ ያስቆማል። ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣዎች በመጠን ይለያያሉ። እጅግ አነስተኛ በሆኑት ትራክተሮች ላይ የታችኛው ማያያዣ ፒን ውፍረት 16 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከፍ ባሉት ላይ 22 ሚሊ ሜትር ነው። የኃይል ዘንጉም እንዲሁ ነው። አብዛኞቹ የድርቆሽ መሣሪያዎች የሚሠሩት በደቂቃ 540 ጊዜ ለሚዞርና 6 ጥርስ ላለው ዘንግ ነው። ብዙ የእጅ ትራክተሮች ግን ይህ ዘንግም ሆነ ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ የላቸውም፤ ለእነርሱ ተብሎ የተሠራ ማጨጃ ይፈልጋሉ። ከግዥ በፊት የትራክተሩን ፒን፣ የዘንጉን ጥርስና ዙሪት ለክቶ በዝርዝር መግለጫው ላይ ማስፈር ከባድ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ማጨጃው እንምጣ ቢባል፣ ለአነስተኛ ትራክተር ሁለት ዓይነት ምርጫዎች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛው እንደ ፀጉር መቁረጫ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ጥርስ ያለው ነው። ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል፤ ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ዓይነት ከ12 እስከ 18 የፈረስ ጉልበት ባለው የእጅ ትራክተር ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ሣሩን በንጽሕና ይቆርጣል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ድክመቱ ድንጋይ አለመውደዱ ነው፤ የምስጥ ኩይሳና ድንጋይ በበዛበት መሬት ጥርሱ ይሰበራል፤ በየጊዜውም በሞረድ መሳል አለበት።

ሁለተኛው ባለ ከበሮ ማጨጃ ነው። በፍጥነት የሚዞሩ ሁለት ከበሮዎች ከሥራቸው ትናንሽ ስለቶች ይዘው ሣሩን ይቀነጥሳሉ። ስለቱ ድንጋይ ሲመታ ወደ ኋላ ስለሚተጣጠፍ በቀላሉ አይሰበርም፤ ቢሰበርም በቡሎን ተፈትቶ ይቀየራል። የወደቀና የተጠላለፈ ሣርም አያስቸግረውም። ነገር ግን 1.35 ሜትር ስፋት ያለው ዓይነት እንኳን 300 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በዘንጉ ላይም 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይፈልጋል። በመሆኑም በደጋ ከፍታ ከ30 እስከ 35 የፈረስ ጉልበት ለተጻፈበት ትራክተር ይመጥናል። ለእጅ ትራክተርና ለ20 የፈረስ ጉልበት ትራክተር የሚሻለው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። መሬቱ ድንጋያማ ከሆነ ደግሞ ሣሩ ከመብቀሉ በፊት፣ በግንቦትና በሰኔ፣ ድንጋይ መልቀምና ኩይሳ ማፍረስ ከማንኛውም መለዋወጫ ይረክሳል።

ለመሰብሰቢያው ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። በመሬት ላይ እየተንከባለሉ የሚዞሩ፣ ዙሪያቸውን የሽቦ ጣት ያላቸው ጎማዎች ያሉት መሰብሰቢያ ከዘንጉ ኃይል አይወስድም፤ ዋጋውም ከሦስቱ መሣሪያዎች ዝቅተኛው ነው። ሣሩን ገልብጦ ለፀሐይ ያሰጣል፤ ሲደርቅም በረድፍ ይሰበስባል። ጥቅሙ ጊዜ መቆጠቡ ብቻ አይደለም። የታጨደ ሣር ሲቆረጥ ከክብደቱ ከ70 በመቶ በላይ ውኃ ነው፤ ለክምር ወይም ለእስር ሲደርስ ከ15 እስከ 20 በመቶ መውረድ አለበት። የተገለበጠ ሣር እኩል ይደርቃል፤ ያልተገለበጠው ላዩ ነጥቶ ሥሩ ይሻግታል። ማገጥ የበዛበት ሣር ሲሆን ግን መገልበጥ ያለበት ገና ሳይደርቅ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ቢነካ ለከብቱ የሚጠቅመው ቅጠል ረግፎ ሜዳ ላይ ይቀራል።

በማሰሪያው ላይ ያለው እውነታ እንዲህ ነው። አራት ማዕዘን እስር የሚሠራው የተለመደው ማሰሪያ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ በዘንጉ ላይ ቢያንስ 30 የፈረስ ጉልበት ይፈልጋል። ሣሩን የሚጠቀጥቀው ክፍል በደቂቃ 80 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲመታ ቀላሉን ትራክተር ከፊት ወደ ኋላ ያንገጫግጨዋል። ይህ ማሽን ከ50 የፈረስ ጉልበት በታች ላለው የደጋ ትራክተር አይመከርም። 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ክብ እስር የሚሠራው አነስተኛ ማሰሪያ ይቀልላል፤ እርሱም ቢሆን በዘንጉ ላይ ከ16 እስከ 20 የፈረስ ጉልበት ይወስዳል። በሌላ አነጋገር በደብረ ብርሃን ከፍታ 25 የተባለው ትራክተር ለዚህኛውም በጠርዝ ላይ ነው፤ 30 ወይም 35 ያለው ይሻላል።

ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ የሚያስፈልገው። አጨዳ ጊዜ አይሰጥም፤ እስር ግን ይጠብቃል። ሣሩ በሚያብብበት ጊዜ ካልታጨደ በየቀኑ ገንቢ ንጥረ ነገሩ እየቀነሰ እንጨትነቱ ይጨምራል። በድርቆሹ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ7 በመቶ ሲያንስ በከብቱ ጨጓራ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ይደክማሉ፤ ከብቱም ሆዱ ሞልቶ ይከሳል። ዘግይቶ የታጨደ ሣር ምንም ያህል ውብ ሆኖ ቢታሰር ይህ አይስተካከልም። በወቅቱ የታጨደ ሣር ግን በደንብ ከተከመረና ከዝናብ ከተከለለ በኅዳርም ሆነ በታኅሣሥ ሊታሰር ይችላል።

ስሌቱም ይህንኑ ያሳያል። 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ማጨጃ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢጓዝና ለመዞርና ለማረፍ ሩብ ጊዜ ቢቀነስ፣ በሰዓት 3 ሺህ 600 ካሬ ሜትር ያጭዳል። ይህም ሩብ ሄክታር በሚገመተው ጥማድ ሲሰላ ወደ አንድ ጥማድ ተኩል ነው። በጥቅምት 20 የሥራ ቀን፣ በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ 36 ሄክታር ይሸፍናል። በነፍስ ወከፍ አንድ ጥማድ የግጦሽ መሬት ያላቸው 144 አባላት ሣራቸው በወቅቱ ይታጨድላቸዋል ማለት ነው። አነስተኛው ማሰሪያ በበኩሉ በሰዓት 20 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 30 እስሮች ቢሠራ 600 ኪሎ ግራም ይሆናል። ከሄክታር 3 ቶን ድርቆሽ ቢገኝ ለአንዱ ሄክታር 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በ20 ቀን ከ20 ሄክታር አያልፍም። ማሰሪያ ገዝቶ ማጨጃ ያልገዛ ማኅበር በማጭድ የሚታጨደውን ሣር ሲጠብቅ ይውላል፤ ማጨጃ ያለው ግን ያለ ማሰሪያም ሣሩን ያድናል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ወገኖች ያላቸው ምክንያት ሊደመጥ ይገባል። ያልታሰረ ድርቆሽ በመኪና ላይ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ የማጓጓዣው ዋጋ ትርፉን ይበላዋል፤ ከተማ ያሉ የወተት ከብት አርቢዎችም የሚገዙት በእስር ነው። እውነት ነው። ድርቆሽ ለገበያ የሚያቀርብ ማኅበር ማሰር አለበት። ይሁን እንጂ ማሰር ማለት የግድ ማሽን መግዛት ማለት አይደለም። 85 በ55 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ላይና ታቹ ክፍት የሆነ የጣውላ ሳጥን የአካባቢው አናጢ ይሠራዋል። ሲባጎ ተዘርግቶበት፣ ድርቆሹ በእግር ተረግጦ ሲታሰር 20 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን እስር ይወጣዋል። የሚሠራውም ከክምሩ አጠገብ፣ አጨዳው ካለፈ በኋላ በትርፍ ጊዜ ስለሆነ ለወጣቶች የሥራ ዕድል ይሆናል።

ማሽኑ የግድ ካስፈለገም ባለቤቱ አንድ መሠረታዊ ማኅበር ሳይሆን ዩኒየኑ ቢሆን ይመረጣል። ማሰሪያ በዓመት ለ20 ቀን ብቻ ሠርቶ ዋጋውን አይመልስም። በጥቅምትና በኅዳር የደጋውን ድርቆሽ ያሰረ ማሽን፣ ሩዝ በሚሰበሰብበት ጊዜ ወደ ፎገራ ወርዶ የሩዙን ገለባ ቢያስር የሥራ ዘመኑ ይረዝማል። ሜዳው ለአነስተኛ ትራክተር የተመቸ ነው፤ ከፍታውም ዝቅ ስለሚል የሞተሩ ጉልበት ይሻሻላል። የሩዝ ገለባ ሻካራ በመሆኑ ስለቶችንና ኩሽኔታዎችን ቶሎ እንደሚበላ ግን በኪራይ ውሉ ላይ መታሰብ አለበት።

መሣሪያው ከተገዛ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በጥቅምት ተገዝቶ በዚያው ሳምንት ሥራ የሚጀምር መሣሪያ በወሩ መጨረሻ የሚገኘው ተበላሽቶ ነው። ስለት፣ ቺንጊያ፣ ኩሽኔታና የደኅንነት ቡሎን ከማሽኑ ጋር አብረው ሊገዙ ይገባል። የደኅንነት ቡሎኑ ማሽኑ ሲታነቅ ቀድሞ እንዲሰበር የተሠራ ነው። በእርሱ ፋንታ ጠንካራ ቡሎን ወይም የቤት ብረት ማስገባት የሚያስከፍለው ማርሹን ነው። ማሰሪያ ገመዱም ቢሆን የፕላስቲክ ከሆነ ከመኖው ጋር ተበልቶ ከብት ይገድላል፤ የቃጫ ሲባጎ ይሻላል፤ ፕላስቲክ ከተጠቀሙ ደግሞ ከመመገብ በፊት ቆርጦ ማንሳትና መቁጠር ያስፈልጋል።

የሰው ደኅንነት ከሁሉም ይቀድማል። በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞር ዘንግ የጋቢን ጫፍ ወይም የነጠላን ዘርፍ ከያዘ ሰውየው ለመጮህም ጊዜ አያገኝም። የዘንጉ መሸፈኛ የሌለው መሣሪያ ሊረከቡት አይገባም። ባለ ከበሮ ማጨጃ ድንጋይ እንደ ወንጭፍ ስለሚያስፈነጥር ሰውም ከብትም ርቀው መቆም አለባቸው። እረኛ ሕፃናት ትራክተር ለማየት እንደሚሰበሰቡ የታወቀ ነውና ይህን የመከላከል ኃላፊነት የማኅበሩም የወላጆችም ነው።

ድርቆሹ መድረሱን ለማወቅ ውድ መለኪያ አያስፈልግም። አንድ እፍኝ ድርቆሽ ሲጠመዘዝ እርጥበት ሳያወጣ ከተሰባበረ ለመከመር ደርሷል። ክዳን ባለው ደረቅ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ጥቂት ጨውና የተቆራረጠ ድርቆሽ ተጨምሮ ሲወዘወዝ፣ ጨው ተያይዞ ከጎኑ ከተጣበቀ ገና ነው። እርጥብ ሆኖ የታሰረ ድርቆሽ ይሻግታል፤ ከውስጡ እየጋለም ክምሩን እስከ ማቃጠል ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ ከየአካሉ የሚጠበቀው ግልጽ ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የግዥ ዝርዝር መግለጫ ሲያዘጋጁ የአካባቢውን ከፍታ፣ የትራክተሩን የዘንግ ጉልበት፣ ክብደቱን፣ የማያያዣውን መጠንና የመሬቱን ተዳፋትነት ሊያሰፍሩ ይገባል። ርክክቡ የሚፈጸመው በጽሕፈት ቤት ግቢ ሳይሆን መሣሪያው በሚሠራበት ሜዳ፣ በዚያው ትራክተር ተሞክሮ መሆን አለበት። ለአንድ ሙሉ ጥማድ ያለ ችግር ያልሠራ መሣሪያ ክፍያው ሊጠናቀቅለት አይገባም። በዝቅተኛ ዋጋ አሸናፊን መምረጥ ሕጋዊ አሠራር ነው፤ ነገር ግን ለትራክተሩ የማይመጥን ርካሽ መሣሪያ ቆሞ ሲዝግ ከሁሉም የተወደደው ግዥ ይሆናል።

ማኅበራት ደግሞ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ተራ ማውጣት፣ የኪራይ ዋጋ መተመንና ቢያንስ ሁለት ሾፌሮችን ማሠልጠን ይጠበቅባቸዋል። ተራው ሣሩ ቀድሞ በደረሰበት መሬት እንጂ በቅርበት ወይም በዝምድና ሊወጣ አይገባም። ተራው የዘገየበት አባል ሣሩ ያረጅበታልና። የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም የሣሩን ማበብ እየተከታተሉ የአጨዳውን መጀመሪያ ቀን በየጎጡ ሊያሳውቁ ይገባል።

250 ኪሎ ግራም የምትመዝን አንዲት ላም በቀን 6 ኪሎ ግራም ያህል ድርቆሽ ትፈልጋለች፤ ለስድስት ወር ከአንድ ቶን በላይ ነው። ይህ አንድ ቶን በጥቅምት ሜዳ ላይ ቆሟል። የሚያድነው በማኅበሩ ደጅ የቆመው ግዙፍ ማሽን ሳይሆን፣ ያለውን ትራክተር የሚመጥንና በወቅቱ ሜዳ ላይ የሚገኘው መሣሪያ ነው። የዘንድሮውን በጀትም ሆነ የአባላትን ቁጠባ የያዙ ሁሉ ፊርማቸውን ከማኖራቸው በፊት ትራክተራቸውን ይለኩ፤ ከሁሉም አስቀድመው ማጨጃውን ይግዙ።